ቀላሏ ጠመንጃ ቀላል አይደለችም!

ባሌ ሲባል ለአብዛኞቻችን ፊታችን ላይ ድቅን የሚለው ቀይ ቀበሮና ብርድ ነው። ከዚያ ካለፈም የሶፍ ዑመር ዋሻ። ለአዲስ አበባ ልጅ ደግሞ ከሻሸመኔ ወዲያ ያለው አገር ሁሉ «ሩቅ» ነው። እስቲ ዛሬ ወጣ እንበል። የማጫውታችሁ ስለ አንዲት ጠመንጃ ነው። ኧረ አትደንግጡ! ፖለቲካ የለበትም፤ የሽፍታ ታሪክም አይደለም። ባዶዋን 2 ኪሎ ከ700 ግራም የምትመዝን፣ ለማየት የምታሳሳ፣ ነገር ግን ባለቤቷን በደጋ ብርድ ላብ በላብ ያደረገች የአደን ጠመንጃ ናት።

ጊዜው 2011 ዓ.ም. ጥር ወር ነው። ያኔ በቀን ሒሳብ አስተርጓሚ ሆኜ ከእንግዶች ጋር እወጣ ነበር። (እንግሊዝኛዬ ከፊልም የተለቀመ ቢሆንም ያግባባል።) የዚያን ጊዜው እንግዳ ከኦስትሪያ የመጡ፣ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ዕድሜያቸውን በአናጢነት የጨረሱ ሰው ናቸው። ሀብታም አይመስሉም። ለዚህች ጉዞ ስንት ዓመት እንዳጠራቀሙ መንገድ ላይ ሲነግሩኝ «ለአንድ አጋዘን?» ብዬ በሆዴ ገረመኝ። እንግዲህ ሰው የልቡን ነው የሚያደርገው።

ከአዲስ አበባ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተን ሞጆን፣ ባቱን (የድሮውን ዝዋይ)፣ ሻሸመኔን አለፍን። ሻሸመኔ ላይ ወደ ግራ ሲታጠፍ አገሩ ይለወጣል። ኮፈሌ፣ ዶዶላ፣ አዳባ... ሜዳው ዓይን እስኪደክም የስንዴና የገብስ አገር ነው። በጥር አጨዳው አልቆ ገለባው ተከምሯል። ሰው በፈረስ ይሄዳል፤ ፈረሱም ሰውየውም ለብሰዋል። እንግዳው ካሜራቸውን አላወጡም። ያቺን ረዥም ሳጥን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው እንደ ሕፃን እያቀፉ ነው የተጓዙት። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ፊታቸው ይጨማደዳል። ያኔ ብዙም አልገባኝም ነበር፤ በማግሥቱ ግን ሁላችንም ገባን።

የሚፈልጉት እንስሳ የደጋ አጋዘን ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ የሚኖረውም በአርሲ፣ በባሌና በአካባቢው ተራሮች ላይ ብቻ ነው። አሥር ሳንቲማችን ላይ ያለው እንስሳ እሱ ነው (አሥር ሳንቲም ዛሬ ምንም አይገዛም ብላችሁ እንዳትንቁት)። የውጭ ሳይንቲስቶች ስም ያወጡለት እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ሻለቃ አይቮር ባክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አርሲ ተራራ ላይ የገደለውን ይዞ ቢሄድ፣ ሊዴከር የተባለው ሊቅ አይቶ «ይሄ አዲስ ነው» አለ። ከአፍሪካ ትላልቅ እንስሳት ለሳይንስ መጨረሻ ላይ ከታወቁት አንዱ ነው። ለባሌ ሰው ግን መቼ አዲስ ሆኖ ያውቃል! ወንዱ ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ቀንዱ ተጠማዞ ወደ ላይ ይወጣል።

አሁን «ቁጥሩ የተመናመነ እንስሳ እንዴት ይታደናል?» የምትሉ አትጠፉም። ጥያቄው የእኔም ነበር። ሕጉ እንዲህ ነው፦ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አንዲት ጥይት መተኮስ ወንጀል ነው። ከፓርኩ ውጪ ግን ቁጥጥር የሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች አሉ። እዚያ በኮታ፣ በፈቃድ፣ ብዙ ገንዘብ ተከፍሎ ጥቂት ያረጁ ወንዶች ይታደናሉ። ከዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት የተመደበ ስካውትም አብሮ ይሄዳል። ደኑ እንዳይታረስ፣ ከብት እንዳይገባበት የሚያደርገው ይሄ ገንዘብ ነው የሚሉ አሉ፤ ሽፋን ነው የሚሉም አሉ። እኔ ሁለቱንም ወገን ሰምቼ አሁንም ልቤ አንድ ቦታ አልቆመም። ስለ አንድ ነገር ግን አልጠራጠርም፤ ከተተኮሰ አይቀር ጥይቱ የታሰበበት ቦታ መግባት አለበት። ቆስሎ ጫካ የገባ አጋዘን ለፓርኩም፣ ለገንዘቡም፣ ለራሱም አይሆንም።

ካምፑ ከዲንሾ ወዲያ፣ ከፓርኩ ክልል ውጪ፣ ጥድና ኮሶ መሐል ነው። ከፍ ሲሉ አሜጃ፣ ከዚያም በላይ አስታ ይመጣል። ከፍታው ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ስለሆነ ከድንኳን እስከ ወንዝ ወርዶ መመለስ ብቻ ሳንባ ያስተፋል። ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል፤ ጠዋት የመታጠቢያው ባልዲ ላይ ስስ በረዶ ታያላችሁ። ቀን ደግሞ ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል፤ አየሩም ደረቅ ነው። ይህን ደረቅ አየር ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

እንግዲህ ቀላል ጠመንጃ የሚመጣው ለዚህ ነው። መነጽርና ጥይት ሲጨመርባት 4 ኪሎ ተኩል የምትደርስ ጠመንጃ አንግቶ ከጠዋት እስከ ማታ ያንን ዳገት መውጣት ለጎረምሳም ከባድ ነው፤ እንኳን ለስልሳ ዓመት ሰው። ዋልተር ቤል የሚባለው ስኮትላንዳዊ የዝሆን አዳኝ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በኩል ሁሉ ሲዞር፣ ሌሎቹ መድፍ የሚያህል ጠመንጃ ሲሸከሙ እሱ 7 ሚሊ ሜትር ቀላል ጠመንጃ ይዞ ነበር የሚሄደው። ከአንድ ሺህ በላይ ዝሆን ገደለ ይባላል። (ሥራው ዛሬ የሚያስመሰግን አይደለም።) ምስጢሩ ግን የጥይቱ ግዝፈት አልነበረም። የዝሆን ጭንቅላት በመጋዝ ሰንጥቆ አንጎሉ የት እንዳለ አጥንቷል፤ ከዚያ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ይተኩሳል። የእንግዳችን ጠመንጃም የዚያው ዓይነት ጥይት የምትጎርስ፣ 7 በ57 የምትባል ናት። የኛ አባቶች ቤልጅግ የሚሏት የማውዘር ጠመንጃ የሩቅ ዘመድ ናት ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

ካምፕ በደረስን ማግሥት ጠዋት ነገሩ ፈነዳ። ከመንገድ የመጣ ጠመንጃ ሁሉ መጀመሪያ ኢላማ ላይ ይሞከራል፤ ደንብ ነው። ካርቶን ላይ ክብ ተሥሎ 100 ሜትር ላይ ተሰቀለ። እንግዳው ጠረጴዛ ላይ ደገፍ ብለው ሦስት ተኮሱ። ሄደን አየን። አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች፣ አንዱ ወደ ግራ፤ መሐላቸው አንድ ሙሉ ስንዝር! ሽማግሌው ፊታቸው ቀላ። ወዲያው ተመልሰው ሌላ ሦስት ደገሙ። ባሰ። አሁንም ሦስት... እንዲያውም አንዱ ካርቶኑን ሳተ።

ዋናው አዳኝ (ጎበዝ ነው፣ ግን ቸኩሏል፤ የፈቃዱ ቀን ይቆጠራላ!) «ከፍታው ነው፤ አየሩ ሲሳሳ እንዲህ ያደርጋል። መነጽሩን እናስተካክልና እንውጣ» አለ። ተረጎምኩላቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አየሩ ሲሳሳ ጥይቱ ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ አይበተንም። ከፍ የሚለውም ሩቅ ሲሆን ነው፤ 100 ሜትር ላይ አይታወቅም» አሉ።

ወገኖቼ፣ እዚህች ላይ አንድ ደቂቃ ቁሙልኝ። ብዙ ሰው የሚያምታታው ይህንን ነው። ጥይቶቹ አንድ ላይ ተጠጋግተው ግን ከመሐሉ ርቀው ከመቱ ችግሩ ማነጣጠሪያው ነው፤ ሁለት ጊዜ ጠምዘዝ ታደርጉና አለቀ። ከተበተኑ ግን መነጽሩን ብትጠመዝዙት እስከ ማታ ታባርሩታላችሁ እንጂ አትይዙትም። የተበተነ ነገር የሚያመለክተው አንድ የሚነቃነቅ፣ ወይ የሚሞቅ፣ ወይ የሚደነግጥ ነገር እንዳለ ነው። በኋላ እንዳየነው ሽማግሌው ላይ ሦስቱም ነበሩ።

ያን ቀን የወሰኑት ግን እሳቸውም፣ ዋናው አዳኝም አይደሉም። ዱካ መሪው ናቸው። የዚያው አገር ሰው፣ ሰባ አካባቢ የሚገመቱ፣ ብርድ ልብስ ደርበው ዱላ ተደግፈው የቆሙ ሽማግሌ። ካርቶኑን ወስደው ቀዳዳዎቹን በጣታቸው እየነካኩ ቆጠሩ።

«አንተ ልጅ፣ ለፈረንጁ ንገርልኝ» አሉኝ። «በዚህ ነገር እኔ አልመራም።»

«ጋሼ፣ የቀን ሒሳቦት'ኮ...» አልኳቸው ቀስ ብዬ። አጋዘን ካልወደቀ ጉርሻ እንደሌለ አውቃለሁ።

«ይቅር። ከዚህ በፊት አንድ ሰው አጋዘን ሆዱን መታ። ሦስት ቀን ተከተልኩት። ደሙ መጀመሪያ ብዙ ነበር፣ ከዚያ ጠብታ፣ ከዚያ የለም። በአራተኛው ቀን አሞራ አሳየኝ። ጅብ ጨርሶት ቀንዱ ብቻ ቀርቷል። ሌሊት ሌሊት ድምፁን እሰማ ነበር። አልደግመውም በለው።»

ተረጎምኩ። እንግዳው ለረዥም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና ባርኔጣቸውን አውልቀው «ልክ ናቸው» አሉ። ዋናው አዳኝ ሰዓቱን አየ፤ ግን ዱካ መሪ ሳይኖር የት ሊሄድ! ቆሰለ የተባለ እንስሳ እንደ ተገደለ ተቆጥሮ እንደሚከፈልበት እሱም ያውቃል።

እናላችሁ ያን ከሰዓት ድንኳኑ ፊት ለፊት ፀሐይ ላይ ምንጣፍ ተነጠፈ። ጠመንጃዋ ጥይት እንደሌለባት ሁለት ጊዜ ታየ፤ ከዚያ ሽማግሌው ካቻቪቴያቸውን አወጡ። ሰደፏ ከዋልነት እንጨት የተሠራ ነው። ብረቱን ከእንጨቱ ጋር የሚይዙት ሁለት ብሎኖች ከሥር አሉ። ካቻቪቴውን ሲያስገቡ የፊተኛው ብሎን ያለ ምንም ኃይል ግማሽ ዙር ዞረ! ሰውየው ሳቁ። አናጢ አይደሉ? «እንጨት ነዋ!» አሉ። ዝናባም አገር የኖረ እንጨት ባሌ ደረቅ አየር ላይ ሲመጣ ይኮማተራል። ብረቱ አይኮማተርም። ስለዚህ ብሎኑ ሳይፈታ ይላላል። በላዩ ላይ መንገዱ ሲያንቀጠቅጣት የዋለችውን ጨምሩበት። (ያዙልኝ ያልኳችሁ ደረቅ አየር ይሄ ነው።) በከባድ ጠመንጃ ይህ ነገር ያን ያህል ላይታወቅ ይችላል፤ ቀላሏ ግን ስትተኮስ በኃይል ስለምትዘል ትንሹም ክፍተት ይጎዳታል። በየተራ፣ አንዱን ትንሽ አንዱን ትንሽ እያሉ አጠበቁት።

ቀጥለው መነጽሩን የያዙትን ትንንሽ ብሎኖች ነካኩ። አንዱ ልል ነው። አጠበቁና «ቀለም አለ?» ብለው ጠየቁኝ። የምን ቀለም? ብሎኑና ብረቱ ላይ አንድ ጠብታ ቀለም ከተደረገ፣ ብሎኑ በተንቀሳቀሰ ጊዜ ቀለሙ ስለሚሰነጠቅ በዓይን ይታያል። ጫካ ውስጥ ቀለም ከየት ይመጣል? ወጥ ቤት ሄጄ «እትዬ፣ የጥፍር ቀለም ይኖርዎታል?» አልኳቸው። ወጥ ሠሪዋ ከላይ እስከ ታች ገላምጠውኝ «ለማን ነው?» አሉ። ለጠመንጃ ነው ስላቸው ጭራሽ አላመኑኝም፤ ራሳቸው ይዘውት መጡ። ደማቅ ቀይ! ጠመንጃዋ ሙሽራ መሰለች።

ከዚያ የብር ኖቱ ፈተና መጣ። ይህ እኔን ከሁሉ የገረመኝ ነው። የብዙ ዘመናዊ ጠመንጃዎች ብረት ከፊት በኩል እንጨቱን እንዳይነካ ተደርጎ ይቀመጣል፤ በተተኮሰ ቁጥር ብረቱ እንደ ክራር ጅማት ይርገበገባል፤ ርግብግቡ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት እንዲሆን ነፃ መሆን አለበት። (አንዳንድ ቀላል ጠመንጃ ሆን ተብሎ ከዳር እስከ ዳር እንጨቱ ላይ ተኝቶ የሚሠራ አለ፤ ያም ይሆናል። መጥፎው መሐል ሰፋሪው ነው፤ እዚህ የሚነካ፣ እዚያ የማይነካ።) ሽማግሌው «አንድ የብር ኖት ስጠኝ» አሉ። አሥር ብር ሰጠኋቸው። በብረቱና በእንጨቱ መሐል አስገብተው ከጫፍ ጀምረው ወደ ኋላ ሳቡት። ጫፉ ላይ ቀጥ አለ፤ አልንቀሳቀስ አለ። እንጨቱ በአንድ ጎኑ ተጣሞ ብረቱን ይገፋል ማለት ነው። ብረቱ በጋለ ቁጥር ግፊያው ይለዋወጣል፤ ጥይቱም አብሮ ይሄዳል።

ብርጭቆ ወረቀት በእንጨት ላይ ጠቅልለው መፋቅ ጀመሩ። አቤት የእጅ ሥራ! አርባ ዓመት ያንኑ ሲሠሩ የኖሩ እጆች ናቸው። አንድ ሰዓት ያህል እየፋቁ፣ ብሯን እያስገቡ፣ እየፋቁ... በመጨረሻ አሥር ብሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሸርተት ብላ አለፈች። ራቁቱን የቀረ እንጨት እርጥበት ስለሚጠጣ መቀባት አለበት። ቫርኒሽ የለም። ሁላችንም ወደ ወጥ ሠሪዋ ዞርን። ቀይዋ ብልቃጥ ያን ዕለት አለቀች።

በማግሥቱ ሁለተኛው ሙከራ ሆነ። እዚህ ላይ ቀላል ጠመንጃ የራሷ አመል አላት። ብረቷ ቀጭን ነው፤ ክብደት የተቀነሰው ከዚያ ነዋ። ቀጭን ብረት ደግሞ ቶሎ ይግላል፤ ሲግል ጥይቱን ወዲያና ወዲህ ይለዋል። በመጀመሪያው ቀን ዘጠኙን ጥይት በላይ በላዩ መተኮሳቸው ስንዝሩን የባሰ አስፍቶታል። አደን ላይ የምትቆጠረው የመጀመሪያዋ፣ የቀዝቃዛ ብረት ጥይት ናት። ስለዚህ ሦስት ተተኩሶ ይቆማል፤ ብረቱን በእጅ ጨብጦ ሙቀቱ እስኪጠፋ ይጠበቃል። ስንት ደቂቃ? በባሌ አቆጣጠር አንድ ቡና ነው! ወጥ ሠሪዋ ቡና አቀራርበው ነበርና ሦስት ጥይት፣ አቦል፤ ሦስት ጥይት፣ ቶና... እያልን ቀጠልን። ይህን ያህል የሚጣፍጥ ሥራ ገጥሞኝ አያውቅም።

አያያዙም ተለወጠ። ከባድ ጠመንጃ ጠረጴዛ ላይ ዝም ብሎ ይተኛል፤ ቀላሏ ግን እንደ ፍየል ትፈናጠራለች። ጠንካራ ነገር ላይ ከተደገፈች ወደ ላይ ትነጥራለች። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ የገብስ ከረጢት ተደረገ፣ እሳቸው ደግሞ የፊት እንጨቱን በግራ እጃቸው ይዘው፣ ሰደፉን ወደ ትከሻቸው ሳብ አድርገው፣ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ኃይል። ብረቱ ራሱ ምንም ነገር አይነካም። ጥይቱም ተለየ፤ ሁለት ዓይነት ይዘው ነበርና አንደኛው ዓይነት በዚህች ጠመንጃ እንደሚበተን ስለታየ ወደ ሻንጣ ተመለሰ። ለምን እንደሆነ ጠመንጃዋ ናት የምታውቀው፤ እያንዳንዱ ጠመንጃ የሚስማማው ጥይት አለ፣ ያንን በመሞከር እንጂ በዋጋ አታገኙትም።

መሻሻሉ ታየ፤ ሆኖም አሁንም አንዱ ጥይት ከሌሎቹ ሸሽቶ ወደ ታች ይሄዳል። ዋናው አዳኝ እዚህ ላይ ነው የተካሰው። ጠመንጃዋን ከእጃቸው ተቀብሎ ጀርባውን ሰጥቶ ያጎርስና ይመልስላቸዋል። አንዳንዴ ጥይት አለ፤ አንዳንዴ ባዶ ነው፤ እሳቸው አያውቁም። ባዶ በሆነች ጊዜ ምላጩን ሲስቡ አፈሙዙ ጭንቅ ብሎት ወደ ታች ደፋ አለ! ሁላችንም አየነው። ጠመንጃዋ ሳትተኩስ ትከሻቸው ተኮሰ። ክብደት ስትቀንስ የምትመታው ምት ይጨምራል፤ ሰው ደግሞ የሚመታውን ይፈራል። በማወቅ አይደለም፤ ሰውነት ነው። ሽማግሌው አላፈሩም። እንዲያውም «ድገም፣ ድገም» እያሉ ግማሽ ሰዓት በባዶ ሲስቡ፣ ሲስቡ፣ አፈሙዟ ላይ ያስቀመጥኳት ሳንቲም እስካትወድቅ ድረስ ተለማመዱ። ሳንቲሟ የትኛዋ እንደሆነች ልንገራችሁ? ባለ አጋዘኗ አሥር ሳንቲም!

በረካ ሲጠጣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ተተኮሱ። ካርቶኑን ዱካ መሪው ራሳቸው አመጡት። የቡና ሲኒያቸውን አንስተው በአፉ ቀዳዳዎቹ ላይ ደፉት። ሦስቱም ሲኒው ውስጥ ገቡ። «አሁን ነገ በሌሊት» አሉና ሄዱ።

ስለ አደኑ ብዙ አላወራም። ከንጋቱ 11 ሰዓት ወጣን። አፈሙዟ ላይ ውርጭና ቆሻሻ እንዳይገባ ስስ ፕላስተር ተለጥፎበታል፤ ጥይቱ ቀድዶት ስለሚወጣ አይጎዳም። ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ትልቅ ወንድ ማዶ ገደሉ ላይ አየን። ርቀቱ ቀጥታ ሲለካ 300 ሜትር ነው፤ ግን ቁልቁል ነው። ሽማግሌው ወዲያው «ለጥይቱ 260 ነው» አሉኝ። ተዳፋቱ 30 ዲግሪ ያህል ከሆነ ጥይት የሚወድቀው በአግድሙ ርቀት ልክ ስለሆነ 300 ብሎ ያነጣጠረ ሰው በላዩ ያሳልፋል። ሒሳቡን አወቁ፣ ጠመንጃዋም ታደርሳለች፤ ነገር ግን ደረታቸው እንደ ወናፍ ይነፋል። ቀላል ጠመንጃ ደግሞ የልብ ምትን ሳይቀር ታሳያለች፤ የሚያረጋጋት ክብደት የላትማ። ጨብጠው አዩና ደህንነቷን መለሱ። «አይሆንም» አሉ። ዋናው አዳኝ ጥርሱን ነከሰ። ዱካ መሪው ግን ፈገግ ሲሉ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ሁለት ሰዓት ዞረን፣ በአስታው ውስጥ በጉልበት ሄደን፣ 140 ሜትር ላይ ደረስን። ድንጋይ ላይ ጋቢዬ ተጠቅልሎ ተቀመጠ፤ ጋቢው ላይ እጃቸው፣ እጃቸው ላይ ጠመንጃዋ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ አምስት ደቂቃ ያህል ጠበቁ። አንድ ጥይት ነው። እንስሳው ሁለት እርምጃ ሄዶ ወደቀ። ዱካ መሪው ቢላቸውን መዝዘው «ቢስሚላህ» እያሉ ሮጡ፤ በሕይወት ካልታረደ ሥጋው ለሰፈሩ ሰው አይበላም። ደረሱበት። ሽማግሌው አልጨፈሩም፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀመጡ። እኔ? የቆምኩበት ቦታ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ዓይኑ ትልቅ ነው፣ የተኛ ጥጃ ይመስላል። ደስ አላለኝም። ሦስት ቀን በጫካ ከሚንከላወስ ይሻላል ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ እውነትም ይሻላል።

አሁን ለእናንተ። ክፍለ ሀገር ቤተሰብ ያላችሁ፣ የአያት ምንሽር ወይ ቤልጅግ ግድግዳ ላይ የተሰቀለባችሁ ልጆች «እስቲ ብሎኗን ልፍታ» እንዳትሉ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝንም፣ መጠገንንም፣ መነገድንም የሚመለከት ነው፤ መጀመሪያ ፈቃዱን አስተካክሉ። ምላጭ ማቅለል የሚባለውን ደግሞ ከባለሙያ በቀር ማንም አይንካው፤ ሽማግሌው እንኳ ያን ሁሉ የእጅ ጥበብ ይዘው አልነኩትም፣ አገራቸው አሠርተው ነው የመጡት። የድሮ ጠመንጃ ጎበዝ ባይመስልም አፈሙዙ ጫፍ ላይ የተፈገፈገ እንደሆነ ብቻ በባትሪ እዩ፤ ያቺ ጠርዝ ትንሽ ከተጎዳች ጥይቱ ሲወጣ ገፍታ ታጣምመዋለች። ስለ አደን ራሱ ከተነሳም ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መግደል በሕግ ያስቀጣል።

ደግሞስ አጋዘኑን ለማየት ጠመንጃ ማን ይፈልጋል? ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ ዲንሾ ግቡ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚያው ነው፤ ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ከመሄዳችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ አጣሩ። ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ጥድና ኮሶው ሥር አጋዘኖቹ ሰው ለምደው ይተኛሉ። አሥርና አሥራ አምስት እርምጃ ድረስ ቀርባችሁ ቀንዱን በደንብ ታዩታላችሁ። ቀይ ቀበሮ የፈለገ ከጎባ ወደ ሳነቲ ይውጣ፤ እዚያ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፣ ራስ ምታት ያለበት ይጠንቀቅ። ጋይሳይ ሜዳ ላይ ደግሞ ጠዋት በማለዳ ከርከሮና አጋዘን አብረው ሲግጡ ከመኪና ሳትወርዱ ይታያሉ። ጋቢ ያዙ፤ በጥር ሣሩ እስከ ሁለት ሰዓት ነጭ ነው።